ፍሪዘሩን እንዳትከፍቱ

"ሥጋዬን ማን ነው ያወጣው?"

እናት ፍሪዘሩን እንደ ከፈተች ክው ብላ ቀርታለች። ለነገ ምሳ ያስቀመጠችው አምስት ኪሎ ሥጋ ዕቃ ማጠቢያው ላይ ተቀምጦ ውሃ ያንጠባጥባል። በቦታው ጫፍና ጫፋቸው በቡሽ የተደፈነ ሁለት የናስ ቱቦዎች ተጋድመዋል።

"እኔ ነኝ! ዝጊው፣ ቅዝቃዜው ይወጣል!" አለ ባሏ ከሳሎን።

ባልየው ራዲያተር ጠጋኝ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ናስ ሲበይድ ኖሮ፣ ናስ እንደሚዘፍን ያወቀው ባለፈው ወር ልጃቸው ከማዘጋጃ ቤቱ ባንድ ትራምፔት ተውሳ የመጣች ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ቤት መሆኑ ቀረ። ባልየው ከሥራ ሲመለስ እጁን ሳይታጠብ ትራምፔቱን ያገላብጣል፤ ቱቦው ቢዘረጋ ስንት ሜትር እንደሚሆን በክር ለክቶ ከአባቱ ጋር ተወራርዷል። አያትየውም የአትክልት ማጠጫ ጎማ ጫፍ ላይ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሰክተው ጎረቤት እስኪማረር ይነፋሉ። "ድምፁ ያለው ከንፈር ላይ ነው፤ ቱቦው ያጎላዋል እንጂ" እያሉ ያስተምራሉ፣ የሚማር ባይኖርም።

ትናንት ታዲያ ትራምፔቱ ሶፋው ላይ ከብርድ ልብስ ሥር ተጨፍልቆ ተገኘ። ዋናው መታጠፊያ ተሰንጥቋል። የባንዱ ፈተና ነገ ጠዋት ነው፤ ልጅቱ ካመለጣት ዓመት መጠበቅ አለባት። ማን እንደ ተቀመጠበት ሲጠየቅ አያት "እኔ ሳልሆን አልቀርም። ዘንድሮ የት እንደምቀመጥ መች አውቃለሁ?" አሉ። ልጅቱ እስካሁን አኩርፋቸዋለች።

የተቀመጠችበት ግን እናት ናት። ቀጭ ሲል በገዛ ጆሮዋ ሰምታለች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብላ ዋጥ አደረገችው፤ ዝንቡ ግን ሆዷ ውስጥ ሲዞር አደረ።

"በረዶና ቱቦን ምን አገናኛቸው?" አለች፣ ባሏ ወደ ወጥ ቤት ሲገባ።

"በተሰነጠቀው መታጠፊያ ፈንታ አዲስ ልሠራላት ነው። ቱቦውን ባዶውን ስታጥፊው ይጨማደዳል። የሳሙና ውሃ ሞልተሽ ካቀዘቀዝሽው ግን በረዶው ከውስጥ ደግፎት ቀስ ብሎ ይታጠፋል። ትራምፔት ሠሪዎች እንዲህ ነው የሚያደርጉት።"

"ማን ነገረህ?"

"ቪዲዮ አይቼ።"

"አያድርስ!"

አንዱን ቱቦ አውጥቶ በክብ እንጨት ላይ ያጥፈው ጀመር። እስከ ግማሽ አማረለት፤ ከዚያ ሽብሽብ አለ። መሃሉ ገና አልረጋም ነበር።

"ሁላችሁም በየአምስት ደቂቃው እየከፈታችሁ እንዴት ይረጋል!" ብሎ ጮኸ። ራሱ አሥር ጊዜ ከፍቶታል። የቀረው አንድ ቱቦ ብቻ ነው።

እናት ሥጋውን እንዳለ ድስት ውስጥ ከተተችና ወንበር ጎትታ ፍሪዘሩ ፊት ቁጭ አለች።

"የሚከፍተውን ወንድ አየዋለሁ!"

ባልየው ልጅቱን ሊያጽናና ሄደ። አያት ጨርቅና ሎሚ ይዘው መጡና ከጎኗ ተቀምጠው የትራምፔቱን አፍ ይወለውሉ ጀመር። በራሳቸው ላይ የፈረዱት ቅጣት ነው።

"አባባ፣ እርስዎ እኮ አይደሉም የተቀመጡበት" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"አውቃለሁ። ስትቀመጪበት ፊት ለፊትሽ ነበርኩ።"

"ታዲያ ምነው?"

"እኔን ብታኮርፈኝ እስከ ሐሙስ ነው። ሽማግሌ ላይ ማን ቂም ይይዛል? አንቺ ግን እናቷ ነሽ።" ሎሚውን ጨመቁ። "ደግሞ አንቺ ዝም ያልሽበት ቀን ብርቅ ስለሆነብኝ ልረብሽሽ አልፈለግሁም።"

ሳቋ መጣ፤ ከሳቁ በኋላ ግን ኀፍረት ያዛት። የሰማንያ ዓመት ሰው በእሷ ጥፋት ጥፍራቸው በሎሚ ነጥቷል። ብድግ ብላ እስከ በሩ ሄደችና ቆመች፤ ፍሪዘሩን ማን ይጠብቃል? ተመልሳ ተቀመጠች፣ ጀርባዋን መክፈቻው ላይ አስደግፋ ተጣራች።

"ኑ ሁላችሁም! ልጄ፣ አንቺ ቅደሚ፤ የምነግርሽ አለኝ። ስትመጡ ግን ማንም ይህን ፍሪዘር እንዳይነካ!"