ቀድሞ የተነሣው እጅ

የሩቂያ እጅ ከሁሉም ቀድሞ ተነሣ። ከእሳቸው ኋላ የሴቶቹ፣ ቀጥሎም የወንዶቹ እጅ በቀበሌው አዳራሽ እንደ ማሽላ ማሳ ቆመ። ሊቀ መንበሩ ሳህሉ በእርሳስ እየጠቆመ ቆጠረና «ተቃውሞ? ድምፀ ተአቅቦ?» አለ። ሌላ እጅ አልተነሣም። «በሙሉ ድምፅ» ብሎ አስጻፈ።

ለብሔራዊ ውትድርና ከቀበሌው ስድስት ወጣት ተጠይቋል። የአምስቱ ስም ከላይ ተጽፎ የመጣ ነው። ስድስተኛውን ግን ሕዝቡ ራሱ ይምረጥ ተባለ፤ ዴሞክራሲ ነዋ! ሳህሉ ለውሳኔ ያቀረበው የዘምዘምን ልጅ ሙሳን ነበር። ባሏ የሞተባት ዘምዘም ከሙሳ ሌላ ልጅ የላትም።

ታዲያ ሩቂያ ምን ነክቷቸው እጃቸውን አነሡ? እሳቸው የሴቶቹን አፎቻ፣ ያንን በሰርግና በለቅሶ የሚረዳዳውን የሰፈር ማኅበር፣ ሃያ ዓመት መርተዋል። በአፎቻ ወግ ሰብሳቢ በሰው ፊት እምቢ አይባልም። በጉባኤ እሺ ይባልና ከከሰዓቱ የአስር ሶላት በኋላ ሽማግሌ ይዞ ቤቱ ይኬዳል። ስንት የተቆረጠ ነገር እንደዚያ ተመልሷል! በአደባባይ ያፈረ ሰው ግን ግትር ይሆናል። ስለዚህ የሙሳን ነገር ለኋላ ብለው እጃቸውን ሲያነሡ ልባቸው እንኳ አልደነገጠም።

ከሶላት በኋላ አዛውንቱን ሙሜን ይዘው ከከተማው ግንብ ውጭ ወዳለው ወደ ሳህሉ ቤት ሄዱ። ሳህሉ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ መምህር ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ወንበር ሰጥቶ ልመናቸውን እስከ መጨረሻው አደመጠ።

«እማማ ሩቂያ፣ ጠዋት ለምን አልተናገሩም?» አለ በጭንቀት። «አንድ ሰው ቢቃወም ለእኔም ምክንያት ይሆነኝ ነበር። እሱን ነበር የምጠብቀው።»

«በሰው ፊት እንዳላሳፍርህ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«ቃለ ጉባኤው ማኅተም ተመቶበት አውራጃ ሄዷል። ‹በሙሉ ድምፅ› ይላል። አሁን እኔ ምን ብዬ ልመልሰው?»

ሙሜ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ብለው አቀረቀሩ። ሩቂያ ማኅተምን በምን ቋንቋ እንደሚለምኑት አላወቁም። ሙሜን ተደግፈው ወጡ።

ሲመለሱ፣ በግንቡ መግቢያ በሸዋ በር ላይ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ቆመው ከከተማው የሚወጣውን ጎረምሳ ሁሉ መታወቂያ ይጠይቃሉ። ጠዋት እዚያ ማንም ጠባቂ አልነበረም።

ዘምዘም ከደጃፏ ቆማ ስትጠብቃቸው፣ ፊቷ ላይ የጭንቀት ምልክት አልነበረም።

«አለቀ አይደል?» አለች። «ከስብሰባው ስመለስ ሙሳ ባቢሌ ከተማ አጎቱ ዘንድ ሊጠፋ ልብሱን ሸክፎ አገኘሁት። ‹እማማ ሩቂያ የያዙት ነገር ነው፣ አርፈህ ተቀመጥ› ብዬ ከለከልኩት። ወላሂ፣ እርስዎ እጅዎን ሲያነሡ አይቼ አይደል እኔስ ያነሣሁት?»

 የእናቱን ድምፅ የሰማው ሙሳ ከውስጥ ወጣና እንደ ልማዱ የሩቂያን ቀኝ እጅ ሊስም ጎንበስ አለ። ሩቂያ እጃቸውን ሰብስበው ሻሻቸው ውስጥ ደበቁት። ልጁ እንደጎነበሰ ቀረ።