የጠፋው የአሸዋ መንገድ

እትዬ ሸዋወርቅ ከአዲስ አበባ ካልጋሪ ድረስ የመጡት ልጃቸውን ሩታን የጠየቃትን ሰው በዐይናቸው አይተው ሊወስኑ ነው። መርዕድ በጋሼ ሀይሉ መሪነት የላካቸውን ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ አመላልሰዋቸዋል። መርዕድ ሰው የሚጠላው ልጅ አልነበረም፤ ዳቦ ቤት ይሠራል፣ አይጠጣም፣ አያጨስም። ችግሩ እትዬ ፊት ሲቆም ምላሱ ከትናጋው ጋር መጣበቁ ነው። ከ«እግዚአብሔር ይመስገን» ወዲያ አያልፍም።

እትዬ «ባሕር ሳላይ አገሬ አልገባም» ስላሉ ሦስቱም በመርዕድ አሮጌ ቶዮታ ተራራውን አቋርጠው ቫንኩቨር፣ በሩታ አክስት ቤት አደሩ። ያን ሁሉ መንገድ መርዕድ ቃል አልተነፈሰም። ቤንዚን ሲቀዳ ግን በተከፈተው መስኮት የእትዬን ድምፅ ሰማ።

«ይሄ ልጅ ኩሩ ነው ወይስ ዲዳ?»

«ኧረ እማዬ! ሰው ስለሚፈራ ነው፣ ዩ ኖው…»

«እኔ ሰው እበላለሁ? ዝም ያለ ሰው ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ በምን ዐውቃለሁ? ላላወቅሁት ሰው ልጄን አልሰጥም።»

በማግስቱ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወረዱ። ለመርከቦች የሚያበራው ነጭ ማማ ከዳርቻው ፈንጠር ብሎ አለት ላይ ቆሟል። እስከዚያ ድረስ እርጥብ አሸዋ እንደ ድልድይ ተዘርግቶ ነበርና ዘና ብለው ተሻገሩ። እትዬ ማማውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። ሩታ ፊልሙ እስኪያልቅ ፎቶ አነሳች። ከነፋሱ ተከልለው ከማማው ጀርባ ምሳቸውን በሉ። ሊመለሱ ሲነሡ አሸዋው የለም።

«መንገዱስ?» አሉ እትዬ።

«በዚያኛው በኩል ይሆናል» አለች ሩታ። መንገድ ፍለጋ አለቱን ዞሩት። በዚያም ውኃ ነው፣ በዚህም ውኃ ነው።

«ዝናብ ሳይዘንብ ከየት ሞላ?»

ሩታ ድንገት አፏን ያዘች። «ኦ ማይ ጋድ! ታይድ ነው! ባሕር ይሞላል፣ ይጎድላል፤ ስኩል ተምሬው ነበር!»

«እንግዲህ ተምረሽ ሞተሻል!»

መርዕድ ጫማውን አውልቆ ገባ። ውኃው ከጉልበቱ በላይ ነው፤ እየጨመረም ነው። ተመልሶ እትዬ ፊት በርከክ አለ።

«ጀርባዬ ላይ ይውጡ።»

«ምን? ገና አማቼ እንኳ ሳትሆን ልታዝለኝ! ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የለም እትዬ፤ ያሉት ወፎች ናቸው። ይውጡ ብያለሁ!»

በገዛ ድምፁ ራሱ ደነገጠ። እትዬ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው አንገቱን አቀፉት። ሩታ ቦርሳዋን ራሷ ላይ አድርጋ ቀበቶውን ያዘች።

ውኃው አጥንት የሚሰብር ቅዝቃዜ ነበረው። እትዬ መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ መርዕድ እንዳይፈሩ ብሎ ያገኘውን ሁሉ ያወራ ጀመር። እናቱ ሲሞቱ ከስድስተኛ ክፍል ትምህርት ማቋረጡን፣ ዳቦ ቤት በገባ በመጀመሪያው ቀን የሠፈሩን ቁርስ በሙሉ ማሳረሩን፣ ሩታ ገና ሳታውቀው እሷን ለማየት ብሎ ቤተ ክርስቲያን ቀድሞ መድረሱን።

«ለጸሎት መስሎኝ!» አለች ሩታ ከኋላ።

«ጸሎቴ አንቺ ነበርሽ። እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ከዚህ ባሕር ይልቅ የምፈራው እርስዎን ነው።»

እትዬ ጀርባው ላይ ሆነው በሣቅ ፈነዱ። «አታሥቀኝ አንተ! ትጥለኛለህ!»

ሣቃቸው አንገዳገደው፤ ማዕበል እስከ ወገቡ መታው፤ ግን እግሩ ጠንካራ አሸዋ አገኘ። ጥቂት ተራምዶ ደረቁ ላይ አወረዳቸውና በጀርባው ተዘረረ። ሩታም አጠገቡ ተዘረረች። ማማው ከኋላቸው ዙሪያውን ተከቦ ለብቻው ቀርቷል። ፀሐይዋ ፊታቸውን ታሞቀዋለች።

እትዬ የነጠላቸውን ጫፍ እየጨመቁ፣ «ሩታ» አሉ፤ «አክስትሽ ቤት እንደገባን ለጋሼ ሀይሉ ደውይላቸው። ሽማግሌዎቹ ከእንግዲህ የሚመጡት የሠርግ ቀን ለመቁረጥ ነው በያቸው።»

መርዕድ ቀና አለ። ሩታ እጁን ጨበጠችው። እሱም፣ «እስከ መኪናው ልሸከምዎት እትዬ?» አለ።

«በእግሬ እሄዳለሁ። ይልቅ ተነሥ፣ ብርድ እንዳይመታህ። የዚያን ያሳረርከውን ዳቦ ነገር ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ፤ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ግማሹን አልሰማሁትም።»