ሳፋ የተሸከመው መካኒክ

መካኒኩ፣ ሚስቱን ደረጃ ላይ አዳልጧት እግሯ እስኪሰበር ድረስ፣ በሕይወቱ አንዲት ካልሲ እንኳ አጥቦ አያውቅም። ክፉ ሰው ስለነበረ አይደለም። ያደገበት ቤት እንደዚያ ነበር፣ የሠፈሩም ወንድ እንደዚያ ነበር። ልብስ ቆሽሾ ይወልቃል፣ ታጥቦ ይመጣል፤ በመሃል ምን እንደሚሆን ጠይቆ አያውቅም።

እግሯ ጀሶ ተደረገለት። መጀመሪያ ላይ እህቷ መጥታ ስታግዛት ከረመች። እህትየዋም የራሷ ልጆች አሏትና ወደ ቤቷ ተመለሰች። አንድ ቅዳሜ መካኒኩ ከሥራ ሲገባ ከበሩ ጀርባ የተቆለለው የቆሸሸ ልብስ በሩን አላስከፍት አለው።

«አጣቢ እንጥራ፤ አንዲት ሴትዮ አውቃለሁ» አለች ሚስቱ አልጋዋ ላይ ሆና።

«እስክትመጣ ምን እንለብሳለን? እኔ አጥበዋለሁ።»

«አንተ?» ሳቋ መጣ። «የት ነው የምታጥበው?»

«ሰው የሚያጥብበት ነዋ!»

ሰው የሚያጥብበት ማለት ግቢው መሃል ያለው ቧንቧ ነው። የግቢው ቤተሰብ ሁሉ ከዚያ ይቀዳል። ቅዳሜ ከሰዓት ሴቶቹ ሳፋቸውን ይዘው ቧንቧውን ይከቡታል፤ ወንዶቹ ከውጭ በሩ አጠገብ ባለው ጥላ ሥር በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ። የመካኒኩም ቦታ እዚያው ነበር። ያን ቀን ሳፋውን አቅፎ ብቅ ሲል ቆርኪ የሚገፋ እጅ ጠፋ።

«ምነው፣ ቤት ልትለቅ ነው እንዴ?» አለው አንዱ።

«ላጥብ ነው» ብሎ አለፈ።

ሴቶቹ መጀመሪያ ቦታ ለቀቁለት፣ ከዚያ አስተጣጠቡን ማረም ጀመሩ። ነጩን ከቀዩ ጋር ስለዘፈዘፈው የእሁድ ሸሚዙ ጽጌረዳ መስሎ ወጣ። የሚስቱን የውስጥ ልብስ ከዳማ ተጫዋቾቹ ፊት ለፊት ሲያሰጣው ደግሞ አከራያቸው እማማ እየሮጡ መጥተው በፎጣ ሸፈኑት።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ባንዲራ አይደለም!»

መካኒኩ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ነው። ጌታ ጎንበስ ብሎ የደቀ መዛሙርቱን እግር እንዳጠበ ስንቴ እንደሰማ ቁጥር የለውም። ሁልጊዜ ከሰማይ የወረደ ትልቅ ነገር አድርጎ ነበር የሚያስበው። ያን ቀን አንሶላ ሲጨምቅ ወገቡ ሲቆረጥበት ግን፣ ያ እግር መቼም ጭቃና አቧራ እንደነበረበት፣ ውሃውም እንደደፈረሰ፣ ያጎነበሰውንም ሰው ወገቡን ሳያመው እንዳልቀረ ለመጀመሪያ ጊዜ ታሰበው። በሳምንቱም ማንም ሳይነግረው ሳፋውን አንሥቶ ወጣ።

ወሬው ጋራዥ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። እዚያ አንድ አፉ የማያርፍ በያጅ አለ። ሰኞ ጠዋት መካኒኩ ሞተር ላይ አጎንብሶ ሳለ፣

«እትዬ! እስቲ ያንን ቁልፍ አቀብዪኝ!» አለው።

ጋራዡ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ወዲያ ስሙ እትዬ ሆነ። «እትዬ፣ ምሳ በልተሻል?» «እትዬ፣ ዘይቱ ቀሚስሽን እንዳይነካብሽ!» አንዳንዴ ቀልዱ እሱንም ያስቀዋል። አንዳንዴ ደግሞ፣ በተለይ ደንበኛ ፊት ሲሆን፣ ደሙ ይፈላል። ጡንቻ አያንሰውም፤ ድሮ ለስድብ ቀርቶ ለግልምጫም እጁን የሚሰነዝር ሰው ነበር። አሁን ግን ሰኞ ሰው ከመታሁ ቅዳሜ ያጠብኩት ሁሉ ለታይታ ይሆንብኛል ብሎ ፈራ። ቁልፉን አነሣና አቀበለው።

ታላቅ ወንድሙ ከበያጁ የባሱ ሆኑ። አባታቸው ከሞቱ በኋላ ያሳደጉት እሳቸው ስለሆኑ ጋሼ ብሎ፣ አንቱ ብሎ ነው የሚያናግራቸው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ መጡና ገና ከመቀመጣቸው፣

«እውነት ነው የሚወራው?» አሉት።

«ምን ተወራ ጋሼ?»

«ከሴት ጋር ቧንቧ ዳር ተቀምጦ ጨርቅ ያሻል አሉኝ።»

«እግሯ ተሰብሮ ነው። ይኸው እያዩዋት ነው።»

«ለምን ታመመች አላልኩም! ሰው ፈልግ ነው የምልህ። ለዚህ ነው ያሳደግኩህ? መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲለኝ እየሳቀብኝ ይመስለኛል።»

«ያሳደጉኝማ ለሰው እንድደርስ ነው ጋሼ። ሚስቴም ሰው ናት።»

ጋሼ የቀረበላቸውን ሻይ ሳይነኩት ተነሥተው ወጡ። ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የበያጁን ቀልድ ችሎት ነበር፤ ይሄኛው ግን ውስጡ ገባ። በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። ሳፋውን ይዞ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። መጀመሪያ ቀን ደፋር ያደረገው አለማወቁ ነበር፤ አሁን ውጭ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። «ጌታዬ፣ የዛሬን ብቻ» አለና በሩን ከፈተ። ከዚያ በኋላም በየቅዳሜው እየፈራ፣ ያችኑ አጭር ጸሎት እየጸለየ ነው የወጣው።

ጀሶው ተፈታ። ሚስቱ መጀመሪያ በምርኩዝ፣ ኋላ ያለ ምርኩዝ መሄድ ጀመረች። አንድ ቅዳሜ ሁለቱም እኩል ሳፋውን ያዙት።

«ልቀቅ» አለችው።

«ተይ፣ እግርሽ ገና ነው።»

«እግሬ ድኗል፤ ልቀቅ አልኩህ!» እንባዋ መጣ። «አንተስ ደግ ተባልክ። እኔ ምን እየተባልኩ እንደሆነ ታውቃለህ? አስነክታው ነው ይላሉ። መድኃኒት አብልታው ነው እንጂ ወንድ ልጅ እንዲህ አይሆንም ይላሉ። አንተን እትዬ ብለው ይስቃሉ፤ እኔን ግን ጠንቋይ ቤት አደረሱኝ።»

መካኒኩ ሳፋውን መሬት አስቀመጠው። እስከዛሬ ስለ ራሱ ስም ሲጨነቅ ስለ እሷ ስም አንድም ቀን አላሰበም። አጠገቧ ተቀመጠ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ደግ ሥራ እየሠራህ!»

መካኒኩ ሳፋውን እያየ፣ «ሲታመሙማ ማንም ያግዛል» አለ። «ጌታ እግራቸውን ያጠባቸው እኮ ታመው አይደለም። አሁን ስለዳንሽ ብተወው ታዲያ ደግነቱ ምኑ ላይ ነው?»

«ጴጥሮስስ እግሬን አታጥብም ብሎ የለ?»

«ኋላ እሺ አለ እኮ።»

«ጴጥሮስ ጨዋታ አልቀረበትማ!»

«የምን ጨዋታ?»

«የቧንቧው ነዋ! ማን ወለደች፣ ማን ተጣላች፣ ማን ታረቀች፣ ሁሉንም የምሰማው እዚያ ነው። ይኸው ስንት ጊዜዬ፣ መስኮት ላይ ተቀምጬ ሴቶቹ ከባሌ ጋር ሲስቁ አያለሁ።»

መካኒኩ ሳቁ አመለጠው። እሷም እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች።

«ታዲያ ምን ልሥራልሽ?» አላት። እስከዚያ ቀን ጠይቋት አያውቅም ነበር።

አሰበች። «ውሃ መሸከም ሰልችቶኛል። ሽንኩርት መክተፍ ያስጠላኛል። መተኮስማ ነፍሴ አይወደውም።»

«ሐሜቱስ?»

«እሱን ለእኔ ተወው።»

ሳፋዋን ይዛ ወጣች። ገና ከመቀመጧ ከሴቶቹ አንዷ፣ «እስቲ ለእኛም ንገሪን፣ ምንድን ነው ያስነካሽው?» አለቻት።

«ወንጌል ነው» አለች ሚስቱ እጅጌዋን እየሰበሰበች። «እናንተም ቤት አለ፤ አቧራውን አራግፈሽ ለባልሽ አንብቢለት።»

ከእማማ ጀምሮ ሁሉም ሳቀ። አስነክታው ነው የሚለው ወሬ ግን በአንድ ቀን አልጠፋም፤ እያደር ነው የቀዘቀዘው።

በያጁ አሁንም እትዬ ይለዋል። ጋሼ ቤቱ ድርሽ አላሉም። መካኒኩ እየሄደ ይጠይቃቸዋል፤ ኮስተር ብለው ይቀበሉታል፣ ሲወጣ ግን እስከ በር ይሸኙታል። ዳማ ተጫዋቾቹም ያው ዳማቸውን ይጫወታሉ። ከመካከላቸው አንዱ ብቻ፣ ሰው ገባ ገባ ሲል ጠብቆ፣ የራሱን ሚስት ጀሪካን ተሸክሞ ሲገባ እማማ አይተውታል።

ትልቁ ለውጥ የታየው እሁድ ነው። ከተጋቡ ጀምሮ መካኒኩ እሁድ ጠዋት ለባብሶ ቀድሞ ይወጣል። እሷ ውሃ ቀድታ፣ ወጥ ጥዳ፣ ቤት አሰናድታ ስትደርስ ስብከቱ ተጋምሶ ይጠብቃታል፤ ከኋላ ቆማ የተረፈውን ሰምታ ትመለሳለች። አሁን ውሃው ከዋዜማው ተቀድቶ፣ ሽንኩርቱ ተከትፎ፣ ቀሚሷም ተተኩሶ ስለሚያድር ጠዋት አብረው ይወጣሉ።

በመጀመሪያው እሁድ ሲደርሱ ሕዝቡ ገና እየገባ ነበር። ወደ ፊት ሄደው ጎን ለጎን ተቀመጡ። መዘምራኑ ተነሥተው መዘመር ሲጀምሩ ሚስቱ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«በመዝሙር እንደሚጀመር ረስቼው ነበር እኮ» አለችው።

መካኒኩ ወደ እሷ ጎንበስ አለ። መዝሙሩ አዲስ ስለሆነባት ቃሉን ቀስ እያለ ነገራት፤ እሷም እየተከተለችው ዘመረች።