ያልነደደው ፋይል

ልብስ ሰፊዋን «ምላሷ ከመርፌዋ ይወጋል» ይሏታል። ጣጣውንም ያመጣው ይኸው ምላሷ ነው።

አባቷ እግር ውስጥ የጦርነቱ ፍንጣሪ ብረት ቀርቷል፤ ቁስሉ መሽተት ጀምሯል። እንዲህ ያለውን በነጻ የሚያክመው የዘማቾች ሆስፒታል ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ዘማች መሆንህን ካላረጋገጥክ በሩን አያስነካህም። የዘማቾቹ ፋይል የነበረበት መዝገብ ቤት በጦርነቱ ማግስት ነዷል። ፋይሉ ለነደደበት ሰው ሦስት አብረውት የዘመቱ ምስክሮች ይበቁታል። የአባቷም ሦስት ሽማግሌዎች መጥተው፣ አዲሱ መዝገብ ቤት በር ላይ ተሰልፈው ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። እሷ ግን አላስቻላትም።

«ሰው ይረሳል፣ ወረቀት አይረሳም። እስቲ ከእሳቱ የተረፈውን ደህና አድርገው ይፈልጉልኝ ጋሼ፣ አቧራው አይበላዎትም!» እያለች መዝገብ ያዡን ሳምንት ሙሉ ነዘነዘችው።

በስምንተኛው ቀን እሳት ያልነካው ፋይል ይዞ መጣ። እልል ልትል አፏን ስትከፍት ፊቱን አየችና ዘጋችው።

«ይሄ የተረፈው የጦር ፍርድ ቤቱ ወስዶት ስለነበር ነው። እዚያ የሚሄደው ደግሞ የከዳ ወታደር ፋይል ነው።»

«ማን ነው የከዳው? ቁስለኛ ጓደኛውን ተሸክሞ ነው የወጣው!»

«እሱም ተጽፏል። አላመኑትም። የከዳን ሆስፒታሉ አይቀበልም፤ ፋይል ከተገኘ ደግሞ ምስክር አይሰማም፣ እህቴ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ገና አልመዘገብኩትም። ውሃ ልጠጣ ልውጣ። ስመለስ ከሌለ፣ አላገኘሁም እላለሁ።»

በሩ እንደተዘጋ ፋይሉን ላፍ አደረገችው። አጠገቧ የተቀመጠው አባቷ ክንዷን ያዘ።

«መጀመሪያ አንብቢልኝ።»

አነበበችለት። የጓደኛው ስም ከነአባቱ፣ የመንደሩ ስም፣ አባቷ ጀርባ ላይ የሞተበት ቀን።

«የሱ ፋይል ነዷል» አለ አባቷ። «እናቱን ‹እንዲህ የሚባል ወታደር አልነበረንም› ብለው መለሷት። ያለው እዚህች ወረቀት ላይ ብቻ ነው።»

«እሺ ቤት ወስደን እንደብቀዋ!»

«ትራስ ስር ያለ ወረቀት ማን ያምነዋል? እዚህ መደርደሪያ ላይ ሲሆን ነው ሰው የሚሆነው።»

«አባዬ፣ እሱ ሞቷል! አንተ ነህ ያለኸው!»

«አስቀምጪው፣ የኔ ልጅ።»

ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችው። መዝገብ ያዡ ተመልሶ ፋይሉን ባለበት ሲያየው ሁለቱንም በተራ ተመለከተ፣ ከዚያ ብዕሩን አነሳ። አባቷ የጓደኛውን ስም ፊደል በፊደል አስጻፈው።

ቁስሉ አርባ ቀን እንኳ አልታገሠውም።