የካፓምባ ሚስማር

በዚያ ዓመት ዝናቡ ኅዳር ላይ ጀመረ፤ እስከ ሚያዝያ አላባራም። የሙኮንዴ ቀይ አፈር ጭቃ ሆነ። የወንዙን ድልድይ ጥር ላይ ጎርፍ ወሰደው። በቆሎው በማሳው በሰበሰ፤ ዱቄት ከገበያ ጠፋ። በሠራተኞቹ ሰፈር ወባና ተቅማጥ ገባ፤ በየካቲት ብቻ አሥራ ዘጠኝ ትንንሽ መቃብሮች ተቆፈሩ። ውሃው ከአፈሩ ወደ ዐለቱ፣ ከዐለቱ ወደ መዳቡ ጉድጓድ ወረደ። ሦስት ፓምፖች ያለ ዕረፍት ይሠሩ ነበር። አንዱ ሲቆም ሰው እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ይሠራል፤ ሁለቱ ሲቆሙ እስከ ደረቱ። ሥራው ግን አልቆመም።

መጋቢት በገባ በስድስተኛው ቀን የአገሬው ሠራተኛ ሳንደርሰን ካፓምባ ታች ቀረ።

ሄድሊ ሮዝዋርን እዚያ ነበር። ያን ጊዜ የሠላሳ ዓመት ሰው፣ ከእንግሊዝ አገር ከኮርንዎል ወደ ዛምቢያ የሄደ የፈረቃ አለቃ ነበር። አሁን ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው። በካምቦርን፣ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ብቻውን ይኖራል። ሳንባውን የድንጋይ አቧራ በልቶታል። በፀደይ ሐኪሙ ደረቱን አዳምጦ፣ "የሚያደርጉት ነገር ካለ ዘንድሮ ያድርጉት" ብሎታል።

ሄድሊ የሚያደርገው ነገር ነበረው። አንድ ብቻ።

ከሙኮንዴ የተመለሱት ሰዎች በየዓመቱ፣ በመስከረም የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ በጸሎት ቤቱ አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ድሮ ሁለት መቶ ነበሩ። ዘንድሮ ሃያ ሁለት ቀርተዋል። ግድግዳው ላይ ሚስማር በሚስማር የሆነ ጥቁር ሳንቃ አለ። በማዕድኑ ጊዜ እያንዳንዱ ሰው ቁጥር የተቀረጸበት ክብ ናስ ነበረው። ሲወርድ ከሚስማሩ ያነሣዋል፤ ሲወጣ መልሶ ይሰቅለዋል። ሚስማሩ ባዶ ከሆነ ሰውየው ገና ታች ነው። አንድ ሚስማር ባዶ እያለ ፈንጂ አይተኮስም፤ አለቃም ወደ ቤቱ አይሄድም። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ናሳቸውን ይዘው መጡ። ሳንቃውንም ሠሩ። በዓመቱ ውስጥ የሞተው ሰው ስሙ ይነበባል፤ አብሮት የሠራው ይነሣና "ወጥቷል" ብሎ ናሱን ይሰቅልለታል። ከዚያ ሻይ ይፈላል።

ሄድሊ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የማንንም ናስ ሰቅሎ አያውቅም። የገዛ ወንድሙን ናስ እንኳ ሌላ ሰው ነው የሰቀለለት። "እጁን እየቆጠበ ነው" ይሉታል።

ነሐሴ ላይ ወደ ጋርፊልድ ናንስ ቤት ሄደ። ናንስ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው፤ በሙኮንዴም የጉድጓዱ ዋና አለቃ ነበር። ዘጠና አንድ ዓመቱ ነው። መስኮት ሥር ብርድ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል።

"ደግሞ ማን ሞተ?" አለው ናንስ፣ ገና በሩ ላይ ሲያየው።

"ካፓምባ።"

"እሱማ ከሞተ ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው።"

"እኮ። ዘግይተናል። ስሙ ዘንድሮ ይነበብ።"

ናንስ ሻዩን አማሰለ። "ዝርዝሩ የእኛ ሰዎች ነው። ከዚህ ሄደው የተመለሱት።"

"ሁለት ጊዜ በቀበቶዬ ጎትቶ ከውሃ ያወጣኝ ሰው የማን ነው?"

"ሄድሊ፣ ሪፖርቱን ታውቀዋለህ። ናሱን ሰቅሎ ካበቃ በኋላ ማንም ሳይፈቅድለት ተመልሶ ወረደ። ጥፋቱ የራሱ ነው።"

"ሪፖርቱን የጻፍከው አንተ ነህ።"

"እኔ ነኝ።"

"ውሸት ነው።"

ማንኪያው ቆመ። ናንስ ወደ መስኮቱ አየ። "ሂድና ተኛ፣ ወንድሜ።"

"ተኝቼማ ሃምሳ ሦስት ዓመት ሆነኝ።"

"ይህን ካነሣህ ሰዎቹ ፊታቸውን ያዞሩብሃል። ከእነዚህ ሌላ ማን አለህ?"

"ሃያ ሁለት ፊት ነው" አለ ሄድሊ። "ግማሹ አያይም።"

ናንስ ሳይወድ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነበት። ሄድሊ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በዚያ የዝናብ ወራት ዱቄት የሚታደለው አሥር ሰዓት ላይ፣ ፈረቃው ሲያልቅ ነበር። የዘገየ ባዶ እጁን ይገባል። ሊፍቱ ሁሉንም አንዴ አይጭንም፤ ሳንቃው ዘንድም ሰልፍ አለ። ስለዚህ ወደ ኋላ የቀረው ናሱን ቀድሞ ለሚወጣው ይሰጥ ነበር። ሲወጣ ያለ ሰልፍ በቀጥታ ወደ ዱቄቱ ይሮጣል። ክልክል ነው። ሁሉም ያደርገዋል። ያን ቀንም ካፓምባ ናሱን በሄድሊ መዳፍ ውስጥ አኑሮ፣ "አንተ ቅደም ሙኩዋይ፣ እደርስብሃለሁ" አለው። ሙኩዋይ የአክብሮት ቃል ነው፤ ካፓምባ ግን ሄድሊን ለማብሸቅ ሲፈልግ ነበር እንዲህ የሚለው።

ሄድሊ ወጣ። የነጮቹ ሳንቃ በስተቀኝ፣ የአገሬው ሰዎች ሳንቃ በስተግራ ነበር። የራሱን በስተቀኝ ሰቀለ። ከዚያ አሥር እርምጃ ተሻግሮ የካፓምባን በስተግራ ሰቀለ። ቁጥር 1174። ደክሞት ነበር። ካፓምባ በሚቀጥለው ሊፍት ወጥቶ ወደ ዱቄቱ የሮጠ መሰለው፤ ዞር ብሎም አላየም።

ካፓምባ ግን አልወጣም። ሊፍቱን ሲጠብቅ የታችኛው ፓምፕ ድምፅ ሲቋረጥ ሰምቶ ተመልሶ ነበር። ሳንቃው ሙሉ ነበር። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ፈንጂው ተተኮሰ። በማግስቱ ሲያገኙት ፓምፑ እየሠራ ነበር።

በምርመራው ሄድሊን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት። "ሲወጣ አይተኸዋል?" "አላየሁም" አለ። እውነት ነው። ናሱን ማን እንደሰቀለው የጠየቀው አልነበረም፤ እሱም አልተናገረም። ምርመራው ሲዘጋ ናሱ የማይፈለግ ዕቃ ሣጥን ውስጥ ተጣለ። ሄድሊ አንሥቶ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሌላ ሰው ናስ በእጁ አልነካም።

የካፓምባን ልጅ ለማግኘት ሦስት ዓመት ደብዳቤ ጻፈ። የሙኮንዴው ቄስ ለኪትዌ፣ የኪትዌው ለሉሳካ አስተላለፈለት። በመጨረሻ ሙታሌ ካፓምባ የምትባል ነርስ ፕሊመዝ ውስጥ፣ በባቡር ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ተገኘች። ሄድሊ ጻፈላት። "ስለ አባትዎ አሟሟት የምነግርዎ አለኝ። በፊትዎና በሰው ፊት መናገር አለብኝ።" ቀኑንና ቦታውን ጨመረ። እሷም በአንድ መስመር መለሰች። "እመጣለሁ።"

ቅዳሜ ጠዋት ሄድሊ መዶሻ ይዞ ወደ አዳራሹ ሄደ። በሳንቃው የመጨረሻ ረድፍ ላይ አዲስ ሚስማር መታ። ሦስት ጊዜ መትቶ ሁለት ጊዜ አረፈ። የማኅበሩ ጸሐፊ ሎቭዴይ የሥጋ ፓስቲውን ይዛ ስትገባ አየችው። የባሏ ናስ ከአራት ዓመት በፊት እዚያው ሳንቃ ላይ ተሰቅሏል።

"ለራስህ ቦታ እያስያዝክ ነው?" አለችው።

"የእኔ አለ። ከባልሽ አጠገብ ነው።"

"እሱማ ሲያንኮራፋ አያስተኛህም። ታዲያ ይሄ የማን ነው?"

"ከሰዓት ታውቂያለሽ።"

"እንዳታጣላን፣ ሄድሊ።"

"ላጣላችሁ ነው" አለና መዶሻውን አስቀመጠ።

ስምንት ሰዓት ላይ ባቡር ጣቢያ ቆመ። ሙታሌ ረጅም፣ ፀጉሯ ሽበት የጀመረው ሴት ናት። አባቷ ሲሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ሲያስል ደረቱን በነርስ ዓይን አየችው።

"መቀመጥ ይፈልጋሉ?"

"ከተቀመጥኩ አልነሣም። እንሂድ።"

ቀስ ብለው ሄዱ። ግማሽ መንገድ ሲደርሱ፣ "ለምን በደብዳቤው አልጻፉልኝም?" አለችው።

"ደብዳቤ ሲነበብ የጸሐፊው ፊት አይታይም።"

ቦርሳዋን በትከሻዋ አስተካከለች። "በማዕድኑ በር ላይ የሟቾች ስም የተቀረጸበት ድንጋይ አለ። የአባቴ የለበትም። እናቴ በየዓመቱ ወስዳ ታሳየን ነበር። 'ሕግ ያፈረሰ ሰው አይጻፍም' ብለዋት። እሷ ግን 'አባታችሁ ሕግ አያፈርስም፣ የሚያውቅ ሰው አለ' ትለን ነበር። እንዲህ እንዳለች ሞተች።"

ሄድሊ ቆመ። ግድግዳ ያዘ።

"ደከመዎት?"

"አልደከመኝም። እናትሽ ልክ ነበረች።"

አዳራሹ ውስጥ ሃያ ሁለቱም ነበሩ። ሙታሌን ሲያዩ ወሬው ቀነሰ። ሎቭዴይ ቶሎ ወንበር ሰጠቻት። ናንስ በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ከፊት ተቀምጦ ወረቀቱን ጭኑ ላይ አድርጓል። አዲሱን ሚስማር አየ፤ ዓይኑን ወደ ወረቀቱ መለሰ።

ሦስት ስሞች ተነበቡ። ሦስት ሰዎች ተነሡ። "ወጥቷል።" "ወጥቷል።" "ወጥቷል፤ እንደ ልማዱ አርፍዶ።" ተሳቀ። ናንስ ወረቀቱን አጠፈ።

ሄድሊ ተነሣ።

"አንድ ይቀራል።"

"ዝርዝሩ አልቋል" አለ ናንስ።

"ሳንደርሰን ካፓምባ። ይህች ልጁ ናት።" ዞር ብሎ ወደ እሷ ቆመ፤ ለሰዎቹ ጀርባውን ሰጠ። "አባትሽ ናሱን አልሰቀለም። ለእኔ ሰጠኝ። የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ሳይወጣ። ሳንቃው ሙሉ የሆነው በእኔ እጅ ነው። ፈንጂው የተተኮሰው ሳንቃው ሙሉ ስለሆነ ነው። እሱ ፓምፕ ሊያስነሣ ነው የተመለሰው። በምርመራው ይህን አልተናገርኩም። ጥፋቱን በእሱ ላይ ጻፉ። እኔም እስከ ዛሬ ዝም አልኩ።"

ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ "ሁላችንም እኮ እናደርገው ነበር፣ ሄድሊ" አለ።

"ሁላችሁም ታደርጉት ነበር። ሰው የገደለው የእኔ ነው።"

"ቁጭ በል" አለ ናንስ።

"አልቀመጥም።"

"ቁጭ በል አልኩህ፣ አንተ ግትር። እኔ ልናገር።" ናንስ ወረቀቱን መሬት ጣለው። "ቢሮዬ መስኮት ነበረው። አሥር እርምጃ ተሻግረህ ወደ ግራው ሳንቃ ስትሄድ አይቼሃለሁ። ሪፖርቱን ስጽፍ አውቅ ነበር። ለአንተ ብዬ ነው እያልኩ ኖርኩ።" አፉን ጠረገ። "ለአንተ ብቻ አልነበረም። ናስ መቀባበሉን እያየሁ ዝም ያልኩት እኔ ነበርኩ። ከተጠየቀ እኔም እጠየቅ ነበር።"

ሄድሊ ትክ ብሎ አየው። ሃምሳ ሦስት ዓመት አብረው ሻይ ጠጥተዋል።

ናንስ ወደ ሙታሌ ዞረ። "ወይዘሮ ካፓምባ፣ ሪፖርቱን የሚያፈርስ ቃል ዛሬ እጽፋለሁ። እሱም እኔም እንፈርምበታለን። እነዚህ ምስክር ናቸው። ድንጋዩ ላይ እንዲቀረጽ እርስዎ ይውሰዱት።"

ሎቭዴይ ወረቀትና ብዕር አመጣች። ናንስ ጻፈ፤ ስድስት መስመር ነበር። ሁለቱ ፈረሙ። ሙታሌ ሁለት ጊዜ አንብባ አጠፈችው። ከዚያ ናንስ ቀና ብሎ፣ ያለ ወረቀት፣ በድሮው የጉድጓድ አፍ ድምፁ ጠራ።

"ሳንደርሰን ካፓምባ። ቁጥር 1174።"

ሁሉም ወደ ሄድሊ ዞሩ። "ወጥቷል" ማለት የእሱ ነበር። አላለም። ኪሱ ገብቶ ናሱን አወጣ፤ ሄዶ በሙታሌ መዳፍ ውስጥ አኖረው።

"ይህ የአባትሽ ነው። አደራ ነበር።"

ሙታሌ ቁጥሩን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። "እዚያ ብሰቅለው ምን ማለት ነው?"

"ወጣ ማለት ነው።"

"አልወጣም እኮ።"

"አልወጣም።"

"እንግዲያው አይሰቀልም።" ናሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ዘጋችው። "ከእናቴ መቃብር ዘንድ አኖረዋለሁ።"

ሎቭዴይ እንደ ልማዷ ማንቆርቆሪያውን ልታነሣ ተንቀሳቀሰች። ናንስ እጁን አነሣ።

"ተቀመጪ፣ ሎቭዴይ። ስሙ የተጠራ ሰው ሚስማር ባዶ ነው።"

ተቀመጠች። ማንም አልወጣም። አሥር ሰዓት ሆነ። አሥር ተኩል አለፈ። በመስኮቱ ወደ ሬድሩዝ ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ ቆሞ ሲሄድ ታየ።

"አውቶቡሴ ሄደ" አለ አንዱ ሽማግሌ በሹክሹክታ።

"ይሂድ" አለችው ሎቭዴይ።

ሄድሊ ቆሞ ነበር። የወንበሩን ድጋፍ ይዟል፤ ግን አልተቀመጠም። ሁሉም ሳንቃውን፣ በመጨረሻው ረድፍ ያለውን ባዶ ሚስማር ያያሉ። ያን ቀን ባዶ መሆን የነበረበት ሚስማር ነው። ያን ቀን እንዲህ መጠበቅ ነበረባቸው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሙታሌ ተነሣች። ሻሿን አስተካከለች። ወደ ሄድሊ ሄዳ ከክርኑ በታች ያዘችው።

"ይበቃል፣ ሙኩዋይ" አለችው። "ጠብቀውታል። አሁን ወደ ቤትዎ ይግቡ።"

ሄድሊ ኮፍያውን አነሣ።