የአክፔኔ ቀጭን ካሜራ

እንደኔው ፎቶ አንሺ የሆነችው አክፔኔ ያቺን ቀጭን ካሜራ ይዛ ሆ ከተማ ገበያ የመጣች ዕለት ሳቅኩባት። ከሳሙና አትበልጥም። የኔዋ ከነሌንሷ አንገት ታጎብጣለች፤ አሥራ አንድ ዓመት ሰርግና ልቅሶ አንስቼባታለሁ።

"በዚህች ነው ሰርግ የምታነሺው?" አልኳት።

"ኪሴ ትገባለች፣ ኤፎ ዶትሴ፣ ወንድሜ። ያንተን ለመሸከምማ መኪና መከራየት ሊኖርብኝ ነው።"

ብዙም ሳይቆይ ደንበኛው ወደ እሷ ዞረ። ሰው ፎቶውን እዚያው በካሜራዋ ጀርባ አይቶ "ይቺን አጥቢልኝ" ይላታል። እኔ ደግሞ ለሰማኝም ላልሰማኝም እንከኗን እዘረዝራለሁ፤ ከሩቅ ስታቀርብ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ጨለማ ቤት ውስጥ የሰው ዓይን እንደ በርበሬ ይቀላል፣ ቁልፏን ተጭነህ እስክታነሳ ሙሽራው ፊቱን አዙሯል። አንዱም ውሸት አልነበረም። ግን ማን ይስማኝ።

ከሁሉ ያንገበገበኝ የባለቤቴ ነገር ነው። ሴላሲ እኔ ሌንስ ሳዞርባት ፊቷ እንጨት ይሆናል። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ፎቶ ይዛ መጣች፤ ቲማቲም ክምር አጠገብ ቆማ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ትስቃለች።

"ማን አነሳሽ?"

"አክፔኔ። ማንሳቷንም አላወቅኩም።"

ዘጠኝ ዓመት አብሬያት ስኖር እንዲህ ያለ ፎቶ የለኝም። እራቴን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

በሳምንቱ አንድ ሰርግ ላይ ሁለታችንንም ጠሩን። አክፔኔ ቦርሳዋን ወንበር ላይ ጥላ በሙሽራዋ እህቶች መሀል ስትሯሯጥ፣ እጄን ሰደድኩና ትርፍ ባትሪዋን ኪሴ ከተትኩ። እነዚያ ቀጫጭኖች ባትሪ ቶሎ እንደሚጨርሱ አውቃለሁ። እንዳሰብኩትም ቀለበት ሊያስሩ ሲሉ ካሜራዋ ባትሪ ጨርሳ ጠፋች። ቦርሳዋን ገልብጣ ስትፈልግ እያየሁ ፎቶ ማንሳቴን ቀጠልኩ።

ሰኞ ጠዋት ፎቶ ቤቴ መጣችና ካሜራዋን አቀበለችኝ። በካሜራዋ ጀርባ በሚታየው ፎቶ የሙሽራዋ እህቶች ተቃቅፈው ይስቃሉ። ከትከሻቸው ኋላ እኔ አለሁ፤ እጄ ቦርሳዋ ውስጥ ነው።

"ስታነሺ አላየሁሽም" አልኩ።

"ይቺን ካሜራ ማንም ልብ አይላትም።"

ባትሪዋን ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጠኋት። ይቅርታ ለማለት ምላሴ ከብዶኝ ነበር፤ እንደምንም አልኩት።

"ለሴላሲ አልነግራትም" አለች። "የቀለበቱን ፎቶዎች ግን ለኔ ትሰጠኛለህ፤ እኔ ነኝ የማስረክባቸው።"

ሰጠኋት። እሷም ያንን ፎቶ እፊቴ አጠፋችው። በማግሥቱ የሙሽራዋ እናት ስትደውልላት አጠገቧ ቆሜ ነበር።

"ልጄ፣ የቀለበቱንስ እንዴት አድርገሽ ነው እንዲህ ያሳመርሽው?" ስትል ሰማኋት። ራሴ ያመጣሁት ነው።

ከዚያ ወዲህ ትልልቅ ሰርግ ሲመጣ አብረን እንሄዳለን። ጨለማ አዳራሽ ከሆነ ለኔ ትተውልኛለች። ቅናቱ ለቀቀኝ ብል ውሸት ነው፤ ሰው ስሟን እየጠራ ሲያመሰግናት ዛሬም ፊቴን ወደ ሌላ አዞራለሁ።