የእሁድ ሸክላ

መኩሪያ አንድን ሸክላ በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ አያጫውትም ነበር። ይህን ሕግ ያወጣው በመርፌው ምክንያት ነው። ዕቃውን ሸጦ አገሩ ከገባ አንድ አሜሪካዊ አስተማሪ ላይ ማጫወቻውን፣ ሠላሳ አራት የጃዝና የብሉዝ ሸክላዎችንና ሁለት ትርፍ መርፌ ገዝቶ ነበር። አሁን ማጫወቻው ላይ ያለው የመጨረሻው መርፌ ነው። ባለሱቆቹ «ከውጭ ካልመጣ የለም» ማለት ከጀመሩ ዓመት አልፏቸዋል። የደነዘዘ መርፌ ሸክላን እንደሚያርስ መኩሪያ ያውቃል፤ ስለዚህ ቆጥቦ ይሰማል።

የሚሰማው እሁድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። በሌሎቹ ቀናት ቦሌ አየር ማረፊያ ጭነት ክፍል ውስጥ ሲጽፍ ይውላል። እሁድ ሲደርስ ሸክላውን ጠርዝና ጠርዙን በሁለት መዳፉ ይዞ ከሽፋኑ ያወጣና ዙሩን እየተከተለ በለስላሳ ጨርቅ ይጠርገዋል። ከዚያ ሰው ቢመጣም አይነሣም። አብሮት እንዲሰማ የሚፈቅድለት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የጎረቤቱ የወይዘሮ የሻሽወርቅ ልጅ፣ የኮሌጅ ተማሪው ሙሉአለም። ሙሉአለም ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ጉልበቱን በጣቱ እየመታ ይሰማ ነበር። ግድግዳው የሁለቱም ቤቶች ነው። ኮርኒሱም ከዳር እስከ ዳር አንድ አቡጀዲ ስለሆነ በአንዱ ቤት የተነገረው በሌላው ይሰማል።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር፣ ሙሉአለምን ሌሊት መጥተው ወሰዱት። በአራተኛው ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት፣ «አናርኪስት» የሚል ወረቀት ደረቱ ላይ ተለጥፎ መንገድ ዳር ተገኘ። ለእናቱ ድንኳን መትከልም፣ ጥቁር መልበስም፣ ማልቀስም እንደማይፈቀድ ተነገራቸው። እሳቸውም አላለቀሱም። በማግስቱ በቀይ ሹራባቸው ገበያ ሲሄዱ ሰው ሁሉ አየ።

መኩሪያ ሸክላውን ዘጋ። ብዙም አላሰበበትም። ጎረቤት ሲሞት ቢያንስ እስከ አርባው ድረስ ዘፈን አይከፈትም፤ ያደገው እንዲህ ሲደረግ እያየ ነው። ሁለት እሁድ ማጫወቻው ተሸፍኖ ዋለ።

በሦስተኛው ሳምንት አብዮት ጥበቃው ሽፈራው በር ላይ አገኘው። ሽፈራው የሰፈሩ ልጅ ነው፤ ጠመንጃ ሳይይዝ በፊት የታክሲ ረዳት ነበር።

«ጓድ መኩሪያ፣ ሸክላው ታመመ እንዴ?»

«መርፌው ደንዝዞ ነው።»

«ያልደነዘዘ ማን አለ? ድሮ ስትከፍት እኮ ኑሪ ሱቅ ድረስ ይሰማ ነበር።»

«እየቆጠብኩ ነው።»

«ቆጥብ፣ ቆጥብ።» ሽፈራው የጠመንጃውን ማንገቻ አስተካከለ። «ስብሰባ ላይ አንድ ነገር ተነሥቷል። ለአናርኪስት ሐዘን ዘፈን የዘጉ ቤቶች እየተመዘገቡ ነው። እኔ ያንተን አላስመዘገብኩም። ሌላው ግን እንደኔ ሰነፍ አይደለም።»

ይህ ማስፈራሪያ ይሁን ምክር መኩሪያ መለየት አልቻለም። ቢከፍት የእናቲቱን ፊት ቀና ብሎ ማየት አይችልም፤ ባይከፍት ደግሞ የት እንደሚያደርስ ያውቃል። ቅዳሜ ጠዋት ወይዘሮ የሻሽወርቅን በጋራው ቧንቧ ሥር የልጃቸውን ሸሚዞች ሲያጥቡ አገኛቸው።

«እትዬ የሻሽ፣ ነገ ሸክላውን ልከፍት ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሸሚዙን እየጨመቁ «ማን ክፈት አለህ?» አሉት።

«ሽፈራው።»

ሸሚዙን ገመድ ላይ አሰጡት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንግዲያው ያቺን ሴትዮ ክፈታት» አሉ። «ሙሌ የሚወዳትን። የምትጮኸዋን።»

«ባለጥቁር ሽፋኗን?»

«ሽፋኗን የት አውቄው። እኔ የማውቃት በግድግዳ ነው። ለመሆኑ ምን ሆና ነው?»

«ባቡር የምትወደውን ሰው ወስዶባት።»

«ባቡር? ባቡርማ ይመልሳል።» ሁለተኛውን ሸሚዝ አነሡ። «ከፍ አድርገው፣ እሺ? ከኔ ድምፅ በላይ ይሁን። ሲበቃኝ ግድግዳውን ሦስቴ እመታልሃለሁ።»

እሁድ በዘጠኝ ሰዓት ሴትዮዋ መዝፈን ጀመረች። ከድምፅዋ ሥር፣ በኮርኒሱ በኩል፣ ሌላ ድምፅ ተነሣ። የሸክላው አንድ ፊት አሥራ ስምንት ደቂቃ ይፈጃል። በዘፈንና በዘፈን መካከል ጥቂት ሰከንድ ዝምታ አለ፤ በዝምታው እናቲቱም ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። መኩሪያ ሸክላውን ገለበጠ፤ ሲያልቅ እንደገና ገለበጠ። ግድግዳው ሲመታ ሦስተኛ ጊዜ እየተጫወተ ነበር።

በሚቀጥለው እሁድ ሸክላው እንዲያርፍ ብሎ ሌላ ሸክላ፣ ጥሩምባ ነፊውን ባለጥሩምባውን፣ ከፈተ። ከማዶ ምንም ሳይሰማ ቀረ። በማግስቱ ጠዋት ቧንቧው ጋ ሲገናኙ ወይዘሮ የሻሽወርቅ፣ «ያ ሰውዬ ድንገት ድንገት ዝም ይላል» አሉት፤ «ያጋልጠኛል።» ከዚያ በኋላ መኩሪያ ሌላ ሸክላ አልሞከረም። በሦስተኛው እሁድ የሴትዮዋ ድምፅ ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ ሸክላው ማንሾካሾክ ጀመረ። መርፌው እያረሰው ነበር።

አርባው እሁድ ላይ ዋለ። የዚያን ቀን ከማዶ የተሰማው ልቅሶ ካለፉት ሁሉ የበረታ ነበር። ሦስተኛው ዘፈን ላይ በሩ ተንኳኳና ሽፈራው ገባ። ጠመንጃውን በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«እስኪ እኛም እንስማ» አለ።

ሦስተኛው ዘፈን አለቀ። ወይዘሮ የሻሽወርቅ በዝምታው ትንፋሻቸውን አልያዙም። ሽፈራው ወደ ኮርኒሱ ቀና አለ። መኩሪያ ልቅሶውን ለመሸፈን ሳለ፤ ደግሞ ሳለ። አራተኛው ዘፈን ጀመረ፤ የዚህ ፊት የመጨረሻው ነው። ሲያልቅ መርፌውን የያዘው የማጫወቻው ክንድ በራሱ ተነሥቶ ወደ ማረፊያው ይመለሳል፤ ቤቱም ጸጥ ይላል። ከመርፌው እስከ መሃሉ ወረቀት የቀረው ሁለት ጣት አይሞላም።

መኩሪያ ተነሣ። በሠላሳ አራት ሸክላ ላይ አንድ ጭረት አሳርፎ የማያውቅ አውራ ጣቱን ክንዱ ላይ አድርጎ ወደ ታች ተጫነና ገፋ። ሸክላው ሲጢጥ አለ። መርፌው ዘለለ፣ ተመለሰ፣ አንድ ቦታ ላይ ተቀረቀረ። ሴትዮዋ ያንኑ ሦስት ቃል ደጋግማ መጮህ ያዘች።

«ተበላሸ መሰለኝ» አለ ሽፈራው።

«ዘፈኑ እንዲህ ነው።»

«አንድ ነገር ብቻ ነው እንዴ የምትለው?»

«አዎ።»

«ምን?»

«ይመለሳል ወይ ነው የምትለው።»

ሽፈራው መሬት መሬቱን እያየ ሲሰማ ቆየ። ሴትዮዋ መቶ ጊዜ ያህል ሳትጠይቅ አልቀረችም። በመጨረሻ ጠመንጃውን አንግቶ ተነሣ፤ በሩ ላይ ሲደርስም ዞር ሳይል፣ «አታጥፋው» አለ። «ሰፈሩ በጣም ቀዝቅዟል።»

ሽፈራው ምን እንደሰማ መኩሪያ ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ አላወቀም። እሱ ከሄደ ብዙ ቆይቶ ግድግዳው ሦስቴ ተመታ። መኩሪያ የማጫወቻውን ክንድ አነሣ። ሸክላውን ጠርዝና ጠርዙን ይዞ፣ ዙሩን እየተከተለ ጠረገው፤ ጨርቁ ጭረቱ ላይ ሲደርስ ያዝ አደረገው። ወደ ጥቁር ሽፋኑ መለሰው።

አርባው ስላለፈ በሚቀጥለው እሁድ ባለጥሩምባውን ከፈተ፤ ከማዶም ልቅሶ አልተሰማም።